ቋሚው ቀረ የተባለ ሰሞን

ለሊሴ በዳዳ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ቂምም እንደማንኛውም ሙያ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እንዳይዝግም በየጊዜው መወልወል አለበት። የካ ዳገቱ ላይ ባለችው የፋይበር መጠገኛ ቤቷ የሚኒባስ መከላከያ ስትፍቅም፣ የተሰነጠቀ የውኃ ታንከር ስትለጥፍም፣ አራት ዓመት ሙሉ የጋሮማን ስም ሳታነሣ የዋለችበት ቀን የለም። ስሙን ስታነሣ ደግሞ ብቻውን አታነሣውም፤ ከኋላው የምታስከትላቸው ቃላት እዚህ አይጻፉም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው። አቶ በዳዳ ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ገብስና ምስር ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። ከእርሻው ጎን ለጎን የመስኖ ፓምፕ መጠገን ያውቁ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ፓምፑም አብሮ ሄደ፤ እሳቸው ግን እጃቸው ቀረላቸው። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሚሠራ ዘመዳቸው የተበላሸ ጀት ስኪ፣ ያን ውኃ ላይ የሚነዳ ሞተር፣ እንዲያዩለት ወሰዳቸው። ሆዱን ከፍተው አዩና ሳቁ።

"ይሄማ ፓምፕ ነው! ከሥር ውኃ ይጠጣል፣ ከኋላ ይተፋል። ሰው ጫኑበት እንጂ ሌላ ምን አለው?"

ከዚያች ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት በየሐይቁ ዳር ያለ ጀት ስኪ የእሳቸውን እጅ ሳያይ ውኃ አይነካም ነበር። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። ሰው እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጦ የሚነዳውን ተቀማጩ ይሉታል። ሌላው መቀመጫ የለውም፤ ነጂው ቆሞ፣ ከፊት የሚታጠፍና የሚነሣ ረጅም እጀታ ይዞ ነው የሚነዳው። እሱን ቋሚው ይሉታል። አስቸጋሪው እሱ ነው። ነጂው ሁለመናውን የሚጥለው በዚያ እጀታ ላይ ስለሆነ፣ እጀታውን ከሥሩ የያዙት አራት ብሎኖች ከላሉ ነገር ሁሉ አበቃ።

አቶ በዳዳ ያጠበቁትን እያንዳንዱን ብሎን ራሱ ላይ በሞረድ ሁለት ጊዜ ጫር ያደርጉታል። ድሮ የከብቶቻቸውን ጆሮ ሁለት ቦታ ቆረጥ አድርገው ነበር የሚለዩአቸው፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። "ከብቴ በምልክቱ ይታወቅ ነበር፤ ብሎኔም ይታወቅ" ይላሉ። ጋሮማ ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት የሠራ ጎልማሳ ነው። መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩት እሳቸው ናቸው፤ ከልጃቸው እኩል በአንድ ትሪ ያበሉትም እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰላሙ የሚባል የሰፈሩ ልጅ ሊያገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለሠርጉ ቪዲዮ ሱፉን እንደለበሰ ቋሚው ላይ ወጣ። ሐይቁ መሐል ሲደርስ እጀታው ከሥሩ ተነቀለና መንጋጋውን መታው። ሠርጉ ለስምንት ወር ተራዘመ። ሰላሙ እስከ ዛሬ ሥጋ የሚያኝከው በአንድ ጎን ነው።

ነገሩ ለእድሩ ሽማግሌዎች ቀረበ። ጋሮማ ተጠየቀ፤ ቆሞ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ "እጀታውን ያሰሩት ጋሼ ናቸው። እኔ አልነካሁትም" አለ። አቶ በዳዳ ተጠየቁ። እጃቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ "እኔ ካሰርኩት ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ማሽኑንም ማንም አላየው፤ ጋሮማ የዚያኑ ዕለት ጭኖ ወስዶ ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሶታል። በማግስቱ አቶ በዳዳ ዕቃቸውን ሁሉ ለሰው ሰጡ። ያስቀሩት አንዲት ሞረድ ብቻ ነበረች። ጋሮማ የእሳቸውን ደንበኞች ተረከበ፣ ቋሚዎች ገዛ፣ መገናኛ አካባቢም ሱቅ ከፈተ።

ለሊሴን ያቃጠላት ግን ይሄ ሁሉ አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት አባቷ የጋዙን ሲሊንደር ካሰሩ በኋላ ወደ ኋላ ዘወር ብለው፣ "እስቲ አንቺ እይው ልጄ፤ የራሴን እጅ አላምነውም" አሏት። ያን ቀን ሥራ ቦታዋ ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ካለቀሰችም በኋላ ማለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ በሕይወት እያሉ ጋሮማ በገዛ አፉ "እኔ ነኝ" እንዲል። ይህን ካላገኘች ደግሞ እንደ አባቷ ባዶ እጁን ሲቀር ማየት።

ወሬው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የማሽን ሰዎች በሚሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማንም የማያውቀው ሰው፣ "ፋብሪካው ቋሚውን ማምረት ሊያቋርጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ ሃያ ሰው ተሳደበ እንጂ የመለሰለት አልነበረም። ለሊሴ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። የጋሮማ ኑሮ በሙሉ ቋሚው ላይ እንደቆመ ታውቃለች። አንድ ትልቅ ሎጅ የሐይቅ ዳርቻውን ለእሱ ሊሰጥ ጫፍ ላይ መድረሱንም ሰምታለች። መለዋወጫ የማይመጣለትን ማሽን የትኛው ጤነኛ ሰው ይፈልጋል? ወሬው እንዲያድግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ወሬ የሚያድግበትን ቦታ ደግሞ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወንዱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ካርታ ከመጫወትና ከማውራት በቀር ሥራ የለውም፤ እዚያ የተነገረ ነገር ድንኳኑ ሲፈርስ በየሚኒባሱ ተሳፍሮ ከተማውን ይዞራል። የዚያን ሳምንት የጎረቤታቸው የአስቴር እናት አርፈው ነበር። ለሊሴ ሻይ ለማደል ተራዋ ደረሰ። ደላላው ነገሳ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ነገሳ፣ ለማንም እንዳትነግር፤ ቋሚው ቀረ አሉ። ፋብሪካው ዘግቶታል።"

"ምን ትያለሽ!"

"ከእንግዲህ አንድ ብሎን አይመጣለትም። ብቻ ከእኔ ሰማሁ እንዳትል።"

ለደላላ "ለማንም እንዳትነግር" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ነገሳ ሻዩን ሳይጨርስ ስልኩን ይዞ ወጣ። ለሊሴ ትሪዋን እንደያዘች ሐዘንተኛዋን አስቴርን ስታያት ለአፍታ ሸምቀቅ አለች። ወዲያው ግን የአባቷን እጅ አሰበችና ሻይዋን ማደል ቀጠለች።

እዚህ ላይ ተሳሳተች። ቂም ዓይን ያጠፋል እንጂ፣ የዚህ ከተማ ልጅ ሆና እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት አልነበረባትም። እዚህ አገር አንድ ነገር "ከእንግዲህ አይመጣም" ከተባለ ሰው ይሸሸዋል? ስኳር አይመጣም ሲባል ስኳር የማይበላው ሁሉ ይሰለፋል። ሲሚንቶ ሊጠፋ ነው ሲባል ቤት የማይሠራው ያከማቻል። ፋብሪካው ረስቶት የቀረ አሮጌ መኪና እኮ እዚህ እንደ ወርቅ ነው የሚጠበቀው። በሳምንቱ ነገሳ እየሳቀ መጣና፣ ሦስት ሎጆች በጋሮማ ቋሚዎች ሊጣሉ እንደደረሱ፣ ተቀማጭ ብቻ የነበራቸው ሳይቀሩ "ሳይጠፋ ይኑረን" እያሉ ደጁን እንደሚጠኑ ነገራት። ያ ትልቁ ሎጅም "ሌላ ሰው ሳይቀድመን" ብሎ በችኮላ ፈረመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት።

ይባስ ብሎ ሐሙስ ዕለት መንገድ ላይ ጋሮማ ራሱ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን አወረደ።

"ለሊሴ! ሰምተሻል? ቋሚው ቀረ እኮ! እግዜር ሊሰጥ ሲፈልግ እንዲህ ነው።"

"እሰይ" አለችው ጥርሷን ነክሳ።

"ጋሼ ደኅና ናቸው? ሰላም በይልኝ።"

ሰላም በይልኝ! ለሊሴ እዚያው ከቆመችበት ድንጋይ አንስታ መስታወቱን ብትለው ደስ ይላት ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቆመች፤ ከንፈሯ ጸሎት ይላል፣ ልቧ ጋሮማ ይላል። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት መሆኑን ስታውቀው ጥላ ወጣች።

ማክሰኞ ነገሳ አንድ አይሱዙ አስከትሎ ሥራ ቤቷ መጣ። በሸራ የተጠቀለለ ነገር ጭኗል።

"አፍንጫው ተሰብሯል፣ እጀታውም የለም። ለሰኞ ይደርሳል?"

"የማነው?"

"ባለቤቱን ምን ያደርግልሻል? ሥራሽን ሥሪ።"

የደላላ ወጉ ነው። ባለ ዕቃው ባለሙያውን ካወቀ፣ ባለሙያውም ባለ ዕቃውን ካወቀ፣ በሚቀጥለው ደላላውን ዘልለው ይገናኛሉ። ስለዚህ ነገሳ በሥራ ጉዳይ የአንዱን ስም ለሌላው ነግሮ አያውቅም። የለሊሴንም ስም ለዕቃው ባለቤት አልነገረም፤ "የካ አንድ ጎበዝ ፋይበር ሠሪ አለ" ብቻ ነው ያለው።

አይሱዙው ከሄደ በኋላ ሸራውን ገለጠችው። ሰማያዊ ቋሚ፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ጎንበስ ብላ ሆዱን ስታይ መዳፍ የምታህል አሮጌ ልጥፍ አየች። ሥራ በጀመረች ሰሞን ራሷ የለጠፈቻት ናት፤ ዳር ዳሯ ወጣ ገባ ያለ የጀማሪ ሥራ። ሰላሙን የመታው ቋሚ ነው። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ጋሮማ ወሬው አስጎምጅቶት፣ አራት ዓመት ሊያየው ያልደፈረውን የሰላሙን ማሽን ሳይቀር አውጥቶ ሊያከራይ ነው። የላከውም ወደ እሷ ነው። ወሬውን ያሠራጨችው እሷ፣ ወሬው ጎትቶ ያመጣውም ለእሷ።

መፍቻ አነሣችና የእጀታውን ሥር የሚይዘውን ብረት ፈታችው። ብረቱ ተጣሟል፤ አራቱ ብሎኖች ዝገት አጣብቋቸው በየቀዳዳቸው አሉ። በጨርቅ ጠረገቻቸው። የመጀመሪያው ራስ ላይ ሁለት ጭረት። ሁለተኛው ላይ ሁለት ጭረት። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ቀጭን ነው፤ ከመሐሉ ተሰብሯል፣ ራሱም ልሙጥ ነው። ምንም የለበትም።

"አባዬ" አለች ድምፅ አውጥታ። "አባዬ አንተ አይደለህም።"

ብረቱን እንዳለ በነጠላዋ ጠቀለለችና መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ሦስት ቀን አፍንጫውን ሠራች፣ ቀለም ቀባች፣ ቶርኖ ቤት ባሠራችው አዲስ ብረት እጀታውን ተከለች። አራተኛውን አዲስ ብሎን ካጠበቀች በኋላ ግን መፍቻዋን አላነሣችም። ሰኞ ማሽኑ ሐይቅ ይወርዳል። በሎጁ ሰዎች ፊት መጀመሪያ የሚወጣበት ጋሮማ ራሱ ነው፤ ጉራውን ታውቀዋለች። እጇ መፍቻውን ወደ ግራ አዞረው። ግማሽ ዙር። ግማሽ ዙር ብቻ ነው፤ ማን ያውቃል? መንጋጋው ሲሰበር በዓይነ ሕሊናዋ አየችውና ጣፈጣት። እውነቱን እንናገር ከተባለ በጣም ጣፈጣት።

ቆይታ ቆይታ ግን ሌላ ነገር መጣባት። ጋሮማ ያን ቀን ቢቀርስ? ሱፍ የለበሰ ሌላ ሙሽራ ቢወጣበትስ? "በስመ አብ! ምን እየሆንኩ ነው" ብላ መፍቻውን አጥብቃ ያዘች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ፤ ነገሳ ነው፤ ደረሰ አልደረሰ እያለ ነዘነዛት። ተጨቃጭቃ ስትጨርስ መሽቶ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ደርሶ ነበር። ሸራውን አለበሰችውና ዘግታ ሮጠች።

በማግስቱ አባቷን ፍለጋ እንጦጦ ወጣች። አቶ በዳዳ ከዚያ ነገር ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው የሚውሉት፤ የሚያውቃቸው ሰው የለም፣ ስለ ሐይቅ የሚጠይቃቸውም የለም። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው በዚያች ሞረድ የእንጨት ለቃሚ ሴቶችን መጥረቢያ በነፃ ይስላሉ። ለሊሴ ስትደርስ ጂቱ የምትባል እንጨት ለቃሚ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች።

"አባዬ፣ እሁድ ሽማግሌ አስጠርቻለሁ። ጋሮማም ይመጣል። ና።"

"ያለቀ ነገር ነው ለሊሴ።"

"አላለቀም።"

"ረስቼ ይሆናል አልኩሽ። አርጅቻለሁ፤ እጄ ከድቶኛል።"

ለሊሴ የጂቱን መጥረቢያ ከእጃቸው ተቀበለችና እጀታውን ገለበጠች። ሁለት ጭረት አለበት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እ... ለምዶብኝ ነው።"

"ረስተህ ታውቃለህ?"

ከእሳቸው ቀድማ ጂቱ ሳቀች። "እሳቸው ሊረሱ? ባለፈው ታች ሽሮ ሜዳ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ በሰው አስጠርተው መልሰውኛል። ምን ሆኑ ብዬ ስመጣ 'መጥረቢያሽን ሳልጭረው ሄድሽ' ብለው ነው። ሸክሜን አውርጄ፣ ያን ሁሉ ዳገት!"

አቶ በዳዳ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት። ምን እንዳገኘች አልጠየቁም። ሞረዷን ኪሳቸው ከተቱና ተነሥተው ቁልቁለቱን ተያያዙት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የካ አባዶ ነዋሪው በጋራ በሚጠቀምበት ኮሚናል ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ያኔም ነገሩን ያዩት የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት መሐል ተቀመጡ፤ በቀኛቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ በግራቸው ሰላሙ። ጋሮማ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ። የእድር ዳኛ ጠርቶት የሚቀር ሰው የለም፤ ነገ ሞት አለ።

"እንግዲህ ልጄ ለሊሴ፣ የተዘጋ ነገር ይከፈትልኝ ብለሻል" አሉ አቶ ወልደሰንበት። "ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ከሥሩ ጀምሪ።"

ጋሮማ እጁን አነሣ። "ከመጀመሯ በፊት አንድ ነገር ትጠየቅልኝ። ቋሚው ቀረ ብሎ በአስቴር እናት ለቅሶ ላይ ያወራው ማነው? ነገሳ ነግሮኛል። እኔን ልታጠፋ ውሸት የነዛች ሰው ናት ዛሬ ከሳሽ ሆና የቆመችው።"

"እውነት ነው?" አሉ ዳኛው ወደ ለሊሴ ዞረው።

አላልኩም ማለት ትችል ነበር። ነገሳ እዚህ የለም፤ ቢኖርም የደላላ ቃል ማን ያምናል? ለሊሴ ወደ አባቷ ተመለከተች። አቶ በዳዳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

"እውነት ነው" አለች። "ፋብሪካው ቀረ አላለም። አንድ ሰው የጠየቀውን ጥያቄ ወስጄ እውነት አድርጌ አወራሁት። ጋሮማን ልጎዳ ብዬ ነው። ዋሽቻለሁ።"

"ይኸው!" አለ ጋሮማ እየሳቀ። "ልትጎዳኝ አስባ ጠቀመችኝ እንጂ!"

አንደኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሡ። "በዋሾ ቃል ሰው አይከሰስም። እንነሣ።"

"ቃሌን አትመኑ" አለች ለሊሴ። ነጠላውን ፈታችና ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። "ቃሌን ተዉትና ይሄን እዩ። ከሰላሙ ማሽን የወጣ ነው። ራሱ ጋሮማ ነው በነገሳ በኩል ጠግኝ ብሎ የላከልኝ።"

ጋሮማ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አደረጉ። ሰላሙ ተጠግቶ አየና ሳያውቀው መንጋጋውን ዳሰሰ።

"ጋሽ በዳዳ፣ ይሄ የማን ምልክት ነው?"

አቶ በዳዳ ብረቱን ወደ ራሳቸው ጎተቱት። አውራ ጣታቸውን በመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳለፉ፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። መልሰው ዳሰሱት፤ ሦስተኛ ጊዜም ዳሰሱት።

"ይሄ የቧንቧ ብሎን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር ማሽን ላይ አላስርም። የእኔ አይደለም።" ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። "የእኔ አይደለም! ጋሮማ፣ ይሄን ማን አሰረው?"

ጋሮማ በሩን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፤ በመጨረሻ መሬቱን አየ።

"እኔ ነኝ" አለ። "አይሱዙ ላይ ስንጭነው እጀታው አልታጠፍ ብሎኝ ፈታሁት። ሐይቁ ዳር አንዱ ብሎን ጠፋብኝ። ሙሽራው ይቸኩላል፣ ካሜራ የያዘው ይጮኻል... ለአሥር ደቂቃ ነው ብዬ ያገኘሁትን አሰርኩ። በኋላ ፈራሁና ጋሼ ናቸው አልኩ፤ እሳቸው ጥፋቱን ሲቀበሉም ዝም አልኩ።"

ወጣና ከደጅ አንድ ድንጋይ አንስቶ ተመለሰ፤ እንደ ወጉ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አቶ በዳዳ እግር ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉት ጋሽ በዳዳ" አሉ። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ መልስ ነበር፤ እዚህ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይቅርታ ሳያገኝ አይነሣም።

አቶ በዳዳ ዝቅ ብለው አዩት። "ለሰላሙ ራስህ ለምነው፤ የእሱን እኔ አልሰጥም። የእኔን ግን፣ አራት ዓመት ቆይተህ ና።"

"ጋሽ በዳዳ!"

"አራት ዓመት ሻይ ስይዝ ብርጭቆው ይወድቅብኝ ይሆን እያልኩ ኖሬአለሁ። በር ከዘጋሁ በኋላ ተመልሼ አያለሁ። እጄ ከዳኝ፣ አልከዳኝ እያልኩ። ይሄ እያወቀ ነው ያኖረኝ።"

"ሰባ አምስት ዓመትዎ ነው እኮ" አሉ አቶ ወልደሰንበት። "ያን ጊዜ እርስዎ ባይኖሩስ?"

"ባልኖርማ ጥሩ። ይቅር ብሎኝ ሞቶ ይሆን፣ ሳይለኝ ሞቶ ይሆን እያለ እሱም ይኑር። ድንጋዩን አውርድና ሂድ።"

ጋሮማ ድንጋዩን እንደታቀፈ ወጣ። ለሊሴ በቀል ይሄን ያህል የሚጣፍጥ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። አባቷን ደግፋ እስኪወጡ ድረስ ልቧ ይዘልላል፤ ያን ቀን እራት ሁለት ጊዜ በላች።

ሰኞ ጠዋት አቶ በዳዳ እንጦጦ አልወጡም። ከእሷ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረው የካ ወረዱና ሥራ ቤቷ ገቡ። ነገሳ ማሽኑን ሊወስድ በሦስት ሰዓት ይመጣል። ሸራውን ገልጠው ዙሪያውን ዞሩ፣ አፍንጫውን መታ መታ አደረጉና፣ "መፍቻ አምጪ" አሉ።

"አባዬ፣ አጥብቄዋለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"የሰው ሐዘን ላይ ቆመሽ ሻይ እያደልሽ የዋሸሽ ልጅ ነሽ። የኔን ስም ለማጽዳት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያጠበቅሽውን ባየው ምን አለበት?"

ለአንተ ብዬ እኮ ነው ልትል ነበር፤ ተወችው። አባቷ የመጀመሪያውን ብሎን ሞከሩ፤ ጠንክሯል፤ በሞረዷ ሁለት ጊዜ ጫሩት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። አራተኛው ላይ መፍቻው በቀላሉ ወደ ቀኝ ዞረ። ግማሽ ዙር።

ለሊሴ መልሳ ያጠበቀችው ነበር የመሰላት። ስልኩ ጮኸ፣ ነገሳ ነዘነዛት፣ ሸራውን አለበሰች። ረስታው ነው ወይስ እጇ ሆን ብሎ ትቶት ነው? ራሷም አታውቅም፤ መቼም ቢሆን አታውቀውም። በሦስት ሰዓት ይሄ ማሽን ይወጣ ነበር።

አቶ በዳዳ ቀና ሳይሉ ጠየቁ። "ይሄን ማን አሰረው?"

"እኔ ነኝ" አለች። ወዲያው ነው ያለችው። "አላልቼው ነበር አባዬ። እሱ እንዲወጣበት ብዬ። ከዚያ አጠበቅኩት መሰለኝ።"

ቀና ብለው አዩአት። እጃቸው መፍቻው ላይ ነበር፤ አይንቀጠቀጥም።

"አዎ፣ ሲጠየቁ ወዲያው እንዲህ ነው የሚባለው" አሉ። ብሎኑን ግማሽ ዙር አጠበቁትና ሞረዷን ከኪሳቸው አወጡ።